ሀቭዲስን የሚጠይቁት ሽማግሌ

የዓሣ መረከቢያው ከተዘጋ ወዲህ የወደቡን መዝገብ ወደምትጠብቀው ወደ ራግንሂል ቢሮ ብቅ የሚሉት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። በበጋም የማያወልቁት ሹራባቸው ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ አጥብቀው ይጠርጉና ለሕዝብ ከተቀመጠው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው በአንድ ጣት «ሀቭዲስ» ብለው ይጽፋሉ። ሀቭዲስ በመጀመሪያ ጉዞዋ ወጥታ የቀረች ጀልባ ናት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የመረጃ ቋት ደግሞ የሚያውቀው ወደቡ ላይ ዓሣ ያራገፉትን ጀልባዎች ብቻ ነው። መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ የለም።

ራግንሂል ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም።

ቋቱ ከእንግዲህ የሚነበብ እንጂ አዲስ ነገር የሚጻፍበት ስላልሆነ፣ አለቆቿ ፍለጋ ቢያፋጥኑም ቦታ የሚበሉትን ማውጫዎች ቀንሺ አሏት። መረጃውን በዓመት ቅደም ተከተል ደረደረችና የጀልባ ስም ማውጫውን አጠፋችው።

«አባባ፣ በስም ሲፈልጉ ከዛሬ ጀምሮ ይዘገያል» አለቻቸው። «ማሽኑ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ አለበት። በዓመት ቢፈልጉ ግን ቶሎ ይመጣልዎታል።»

«የትኛውን ዓመት ብዬ?»

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጻፉ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ጠበቁ። ብዙ ቆይቶ ያው «የለም» መጣ።

ራግንሂል ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። «ማውጫውን ልመልስልዎት?»

«ተዪው፣ ልጄ» አሏት ሽማግሌው። «ድሮ ጽፌ ሳልጨርስ ነበር የለም የሚለኝ። አሁን እንኳ ትንሽ ፈልጎ ነው የሚለኝ።»