ጋቢ የለበሰው ትራንስፎርመር

ሥራ የጀመርሁት ምሳ ላደርስ ሄጄ ነው። ባለቤቴ አስማማው ጎንደር ቁስቋም አካባቢ ባለችው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቁ ሁለት እጁ ተይዞ ነበርና፣ ሳህኑን ሳላስቀምጥ "ይህችን ሽቦ ያዢልኝ" አለኝ። ያዝሁለት። ምሳው በረደ፤ እኔም እዚያው ቀረሁ።

የሥራውን ሥርዓት በዚያው ቀን ነገረኝ። ትራንስፎርመር ሁለት ወገን አለው፤ በአንዱ የግድግዳው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ይገባል፣ በሌላው አሥራ ሁለት ይወጣል። ፊውዙ በመግቢያው በኩል ይቀመጣል። ሽቦ የሚነካው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው። ዕቃውን የሚያሠራው ቦርድ ከሽቦው ጋር ከመታሰሩ በፊት የሚወጣው ቮልት በቴስተር ይለካል።

"ሳትለኪ ካሰርሽ፣ ከቦርዱ ጋር ደንበኛውንም ታቃጥያለሽ" አለኝ።

አስማማው ካረፈ ወዲህ ሱቁን የምከፍት እኔ ነኝ። ጥቁር ለብሼ ካቻቢቴ ስይዝ የሚያየኝ ሁሉ መጀመሪያ "ነፍስ ይማር" ይላል፤ ቀጥሎ "ባለሙያው መቼ ይመጣል?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚሉም አሉ።

የእሱን ቴስተር አልተጠቀምሁበትም። መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል አለበስሁት። ለሥራ ሌላ ገዛሁ።

እናና የምትባል የኮላ ድባ ዶሮ አርቢ ለዕንቁላል መፈልፈያ ሣጥኗ መቆጣጠሪያ አሠራችኝ። ሙቀቱን የሚጠብቀው ቦርዱ ነው፤ ቦርዱን የሚመግበው ትራንስፎርመሩ። ትራንስፎርመሩ አየር እንዲያገኝ የመቆጣጠሪያውን ክዳን በስቼ ሰጠኋት። የሰፈሯ ሰው ሁሉ ዕንቁላሉን አምጥቶ አስገባባት።

አንድ ጧት መቆጣጠሪያውን በፌስታል ይዛ ከታላቅ ወንድሟ ከአያ ደሴ ጋር መጣች። ፌስታሉ ሲፈታ ቤቱ ቃጠሎ ቃጠሎ ሸተተ።

"ዕንቁላሉስ?" አልኋት።

"ጎረቤት በሙቅ ውኃ ጠርሙስ ይዞታል። እስከ ማታ ካልደረስሁ የሰው አደራ በላሁ ማለት ነው።"

ትራንስፎርመሩ ጠቁሯል። በክዳኑ ቀዳዳዎች ላይ የቀለጠ ክር ተጣብቋል።

"ይህ ምንድን ነው?"

አያ ደሴ መለሰ። "ዳንቴል ነዋ። ሸጋ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? የሰው ዓይን ይበላዋል።"

"ከዳንቴሉ በላይስ?"

"ነጠላ።"

"ከነጠላውስ በላይ?"

"ጋቢ ጣል አደረግንበት። ለብርዱ።"

"ኮላ ድባ ከመቼ ወዲህ ነው ብርድ የገባው? አያ ደሴ፣ ዓይንስ አልበላውም። የበላው ጋቢው ነው።"

"ባለሙያው ቢኖር ምን ይል ነበር?" አለ።

"ለምን አለበሳችሁት ይል ነበር።"

አዲስ ትራንስፎርመርና አዲስ ፊውዝ ገጠምሁ። ልለካ ስል የገዛሁት ቴስተር ቁጥር አላወጣም። ባትሪ ድንጋዩን ቀየርሁለት፤ አልነቃም።

"ዝም ብለሽ እሰሪው፤ አዲስ አይደል?" አለ አያ ደሴ። እናና በበሩ ፀሐዩን አየች። ቦርዱ ከተቃጠለ ጎንደር ውስጥ በዚያ ቀን ሌላ አይገኝም።

አያ ደሴ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ጣለ። "ያ ከዳንቴሉ ሥር ያለው ምንድን ነው?"

"ቴስተር ነው።"

"ታዲያ እሱስ ምነው ለበሰ?"

ዳንቴሉን አነሣሁት። ገመዱ አስማማው እንደጠቀለለው ነበር። ፈታሁት። ባለ መርፌ ነው፤ ቮልት ለመለካት ድንጋይ አይፈልግም። ትራንስፎርመሩን ሰክቼ ስለካ መርፌው ሄዶ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። ነቀልሁ፣ ቦርዱን አሰርሁ፣ መልሼ ሰካሁ። ቦርዱ ተርፎ ኖሮ የሙቀቱ ቁጥር በራ። እናና ሳትቀመጥ ይዛው ወጣች።

ከአብዛኛው ዕንቁላል ጫጩት ወጣ። ባልወጣው አያ ደሴ የሰው ዓይንን ከሷል።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። ፊውዙን በመግቢያው በኩል አድርጉ። ሳትነቅሉ አትንኩ፤ ሳትለኩ ቦርዱን አትሰሩ። ትራንስፎርመር ሲሠራ ይሞቃል፤ አታልብሱት። ቴስተርም ለመለኪያ ነው።