የሹፌሩ ወገብ

የእህቴ ባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሲነዳ ሆዱ መሪው ድረስ ደርሶለታል። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተጎልቼ ስለምውል በሆድ አንበላለጥም ነበር። ቤተሰብ ሲሰበሰብ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ልጆቹ "ሁለቱ በርሜሎች" ይሉናል። ስድብ ለሁለት ሲካፈሉት አይከብድም።

ባለፈው ዓመት ግን ሐኪሙ አስጠነቀቀው። ደም ግፊቱ ካልወረደና ሆዱ ካልጎደለ፣ ከሦስት ወር በኋላ ባለው ምርመራ መንጃ ፈቃዱ አይታደስም። መንጃ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ሥራው ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ማጠብ ሊሆን ነው። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያገለገለ የኮርስ ሳይክል ገዛ።

የመጀመሪያ ቀን ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ጎማው የጣት ያህል የቀጠነ፣ መቀመጫው ከመዳፌ የማይበልጥ፤ እዚያ ላይ ያ ሁሉ ሰው! የሳይክል ማርሽ መቀየር ስለማይችል ዳገቱን በከባዱ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ፣ ለምዶበት እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ ዳር ይዞ መቆሙ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች "ሾፌር፣ ቦታ አለ?" ይሉታል። እሱም እያለከለከ "ሞልቷል፣ ሞልቷል" ይላቸዋል።

ሰውዬው ግን አልተወም። መንገዱን በፌርማታ ይቆጥር ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ፌርማታ፣ በሦስተኛው አምስት፣ በሁለተኛው ወር መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴም ሳይቆም ጨረሰው። ፊቱ ጠራ። ደረጃ ሲወጣ ማፏጨት አመጣ። ባለቤቴ በመስኮት አይታው "አየኸው? የሃያ ዓመት ልጅ መሰለ እኮ!" አለችና ዞራ ሆዴን አየችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ? ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የእኔው ግን ከአጥንት አልፎ እጄ ውስጥ ገባ።

አንድ ቀን የደንብ ልብሱን ሱሪ ይዞ ሱቄ መጣ። "ጋሼ፣ እየወለቀብኝ ነው፤ እስቲ አጥብብልኝ።"

ሜትሬን በወገቡ አዞርኩ። አራት ጣት ቀንሷል። አራት ጣት ሙሉ! ቁጥሩን አልነገርኩትም። ሲሄድ ጠመኔውን አነሳሁና ስድስት ጣት ላይ አሰመርኩ።

ይህ ሰው ሚዛን ላይ መውጣት ይፈራል፤ የሚያምነው ሱሪውንና እኔን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሊለካው ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ሲወጣ ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ሱሪው አልቆለፍ ብሎታል።

"በሦስት ቀን ተመልሼ ወፈርኩ እንዴ፣ ጋሼ?"

"ዕድሜ ነው። ከአርባ አምስት በኋላ ሰውነት አይታዘዝም" አልኩት። ክር እየበጠስኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

በሳምንቱ ሳይክሉን እየገፋ መጣ። "ምርመራው ሁለት ሳምንት ቀረው፤ እኔ ግን በከንቱ ነው የለፋሁት። እንካ፣ አንተ ሞክረው። ቢያንስ አንተ ዳን።" ግድግዳው ላይ አስደግፎልኝ ሄደ።

የቀናሁበት ነገር ይኸው እጄ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ወጣሁበት። የመጀመሪያው ፌርማታ ሳልደርስ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተዘረርኩ። ያ ሰው መስመሩን በሙሉ ምን ያህል ለፍቶ እንደጨረሰው ያኔ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔም ቀናሁ። እዚያው ተዘርሬ ሳለ የእሱ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ።

"ጋሼ! ምነው፣ ደህና ነህ?"

"አልወፈርክም" አልኩት። "ሱሪውን ሁለት ጣት አስበልጬ ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ።"

አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሰማ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት "ውይ!" አለች። እሱ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ አየኝ።

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

ከኋላ "ሾፌር፣ እንሂድ እንጂ! ሥራ ረፈደብን!" ብለው ጮኹ። በሩን ዘግቶ ሄደ።

በዚያው ቀን ሳይክሉን መጥቶ ወሰደ። ምርመራውን አለፈ፤ መሪው ዛሬም በእጁ ነው። አኮረፈኝ እንዳልል ቤቴ ይመጣል፣ ሶፋው ላይ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ጋሼ ማለቱንም አልተወም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ተጠጋሁት። እሱ ግን ፈገግ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አወጣ።

"አትቸገር፣ ጋሼ። ቤት ተለክቼ ነው የመጣሁት።"

ቁጥሩ የተጻፈው በእህቴ እጅ ጽሑፍ ነበር። ሜትሬን አንገቴ ላይ መለስኩና ወረቀቱን እያየሁ ሰፋሁለት።