ያልጎረስኩት ጉርሻ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ልጄ አሁን በሁለት እግሯ ቆማ ቤቱን ታተራምሰዋለች፤ የባሌ ዘመዶች ግን ዛሬም «ያቺ ጉርሻ እምቢ ያለች ባለጌ» ይሉኛል። ይበሉ። ነገሩን ሙሉውን ከእኔ አፍ የሰማው ጥቂት ሰው ስለሆነ አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ያኔ ከጎንደር ከመጣሁ ብዙ አልቆየሁም ነበር። የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ሄ የሚባል ሰፈር ነው። ሥራዬ እዚህ «ጋን» የሚሉትን የሕፃናት መዋያ ማጽዳት ነው። የባሌ ቤተሰቦች የመጡት ቀድመው፣ በሱዳን በኩል በእግራቸው ነው። እኔ ደግሞ በክርስቲያን ልማድ ያደግኩ ነኝ። ወደ አያቶቼ ይሁዲነት ተመልሼ ሥርዓቱን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ እንኳ ከጀርባዬ መንሾካሾካቸውን አልተዉም። ከሁሉም ከሁሉም የባሌ አክስት እማማ ትርንጎ ሲያዩኝ ፊታቸው ይኮሳተራል።

የመውለጃ ቀኔ አልፎ ስለነበር ሐኪሙ «ዚሩዝ ያስፈልጋታል» አለ። ምጡ በመድኃኒት ይምጣ ማለቱ ነው። ስለ ኤፒዱራል፣ በጀርባ ስለሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ መርፌ፣ የኩፓት ሆሊም፣ የሰፈራችን ክሊኒክ ነርስ በደንብ አስረድታኝ ነበር። ከባሌ ጋር ተማክረን እወስዳለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ባሌ ከፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ እማማ ትርንጎ አብረውኝ እንዲሆኑ ለመናቸው። የእኔ ዕብራይስጥ ያነክሳል፣ የሳቸው እንደ ውኃ ይፈሳል።

ወደ ሆስፒታል በሚወስደን ታክሲ ውስጥ እጄን ጨበጥ አድርገው፣ «ስሚ፣ እዚያ ገብተሽ ያን ስም እንዳትጠሪ። ሆስፒታሉ በእኛ ሰው የተሞላ ነው። አታዋርጂን» አሉኝ።

የትኛውን ስም ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ማርያምን ትጠራለች። የከበቧት ሴቶችም «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ አብረዋት ያምጣሉ። እናቴ ስድስታችንንም እንዲያ ብላ ነው የወለደችን። ሰው ሥርዓት ይማራል፣ ጸሎት ይማራል። ሲያመው የሚጮኸውን ግን ማን ያስተምረዋል?

መድኃኒቱ በክንዴ መግባት እንደጀመረ ምጡ እንደ ወጉ ቀስ ብሎ አልመጣም። በሩን ገንጥሎ ነው የገባው። አንዱ ሳይለቀኝ ሌላው ይይዘኛል። ድምፄን ዋጥኩ፤ አፌን ከከፈትኩ የምትወጣው እሷ ናታ! አንሶላውን ነከስኩ።

አዋላጇ ወጣት ናት። ብቅ እያለች አይታኝ፣ «ኮል ሀካቮድ!» ትለኛለች፣ ጎበዝ ማለቷ ነው። ለእማማ ትርንጎ ደግሞ፣ «የእናንተ ሴቶች እኮ ጠንካሮች ናቸው፣ ድምፃቸው አይሰማም» አለቻቸው። እሳቸው ደረታቸውን ነፉ። ወይ ጉድ! እኔ እየሞትኩ ሁለት ሰው በእኔ ዝምታ ይኮራል። አንገሸገሸኝ።

«እማማ፣ በቃኝ። መርፌውን እፈልጋለሁ፣ ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ። ከዚያ ወደ አዋላጇ ዞረው፣ ፈገግ ብለው፣ «ሂ ሎ ሮጻ» አሏት።

አትፈልግም! ይህቺን ቃል አላውቃት ይመስል! ጋን ውስጥ ሕፃናቱ ቀኑን ሙሉ «ሎ ሮጻ፣ ሎ ሮጻ» እያሉ ሲንከባለሉ ነው የምውለው። ከዕብራይስጥ ሁሉ ጠንቅቄ የማውቃት እሷን ነው። አዋላጇ አመስግናቸው ወጣች።

«ምን አሉ እማማ?» አልኳቸው።

«ከእኛ ቤት በመርፌ የወለደች የለችም። ወገብሽ ሽባ ሆኖ ይቀራል። ቻይው።»

ልመልስላቸው ስል ምጡ መጣ። ያቺ ስም ከጉሮሮዬ አምልጣ «ማር...» ስል በመዳፋቸው አፌን ግጥም አድርገው ያዙት። ትንሽ ቀደም ብለው የተቀቀለ እንቁላል ልጠው በልተዋል። የእንቁላሉ ሽታና የሆስፒታሉ የእጅ አልኮል ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ኤጭ! አየር አጠረኝ። «ዝም በይ፣ ዝም በይ» ይሉኛል በጆሮዬ።

ነከስኳቸው።

እጃቸውን ሲያነሱ፣ «አኒ ኬን ሮጻ! እፈልጋለሁ! ኤፒዱራል!» ብዬ ኮሪደሩን አናጋሁት። አዋላጇ ሮጣ መጣች። እኔን አየች፣ እጃቸውን የሚያሹትን ሴትዮ አየች። ምንም ሳትጠይቅ በሩን ከፍታ አስወጣቻቸው።

የማደንዘዣው ሐኪም እስኪመጣ ድረስ እንዳሻኝ ጮህኩ። ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም። አዋላጇ እጄን ይዛ፣ «ማርያም ማናት? እናትሽ ናት?» አለችኝ። «ኬን»፣ አዎ፣ አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? ከዚያ ጎንበስ አድርገው ወጉኝ፣ ጥቂት ቆይቶ እግሮቼ ሞቁ፣ ሕመሙም ራቀልኝ። ልጄ ስትወለድ አልቅሼም ስቄም ተቀበልኳት።

እማማ ትርንጎ እልል እያሉ ተመልሰው ገቡ! ምንም እንዳልተፈጠረ! በስልካቸው ለዘመድ ሁሉ፣ «ትንፍሽ ሳትል ተገላገለች፣ ያለ መርፌ!» ይላሉ። ለባሌ ስነግረው፣ «ተዪው፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለኝ። እሱም አስጠላኝ።

ለልጅቷ ስም ማውጫ ድግስ ዘመድ ተሰበሰበ። እማማ ትርንጎ መሐል ቆመው ያንኑ ውሸት ደገሙት። «ይህች ልጅ አኮራችን! መርፌ ምን ያደርጋል? የእኛ ሴት እንዲህ ናት!» ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አጠገቤ የተቀመጠችው የባሌ እህት ልጅ ኦርሊ መውለጃዋ ደርሷል። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «እኔ እንዳንቺ አልችልም» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

በዚያው ቅጽበት እማማ ትርንጎ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ድረስ አመጡት። ያው እጅ ነው። ከንፈሬን ገጠምኩ።

«ጉረሽ እንጂ!» አሉኝ። ወጡ በክንዳቸው ይወርዳል። ሰው ሁሉ ያያል።

«አልጎርስም» አልኩ። «በዚህ እጅ ነው አፌን የያዙት። መርፌውን ወስጃለሁ። ጮኼአለሁም። ማርያምንም ጠርቻለሁ።»

አንዷ «ውይ በሞትኩት!» አለች። ኦርሊ ግን ልብስ ልቀይርላት ብዬ ሕፃኗን ይዤ ጓዳ ስገባ ተከተለችኝ። «በኤሜት? የእውነት ወሰድሽው?» አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ተላከብኝ። ትልቅ ሰው አዋርደሻል ተባልኩ። ወግ ነውና ጎንበስ ብዬ የእማማ ትርንጎን ጉልበት ሳምኩ። እሳቸውም መረቁኝ፣ ይቅር ተባባልን ተባለ። ወሬው ግን አልሞተም። በየድግሱ እንገናኛለን፣ ሰላም እላቸዋለሁ፣ አንቱ እላቸዋለሁ። ከእጃቸው ግን እስከ ዛሬ አልጎረስኩም። አልጎርስምም።