የአሮጊቷ ምትክ

ጋሽ ሽቦን ሰፈራችን ውስጥ የማያውቀው የለም። ሽቦ ያስባለው ቅጥነቱ ነው የሚሉ አሉ፣ ውሸት ነው። አንገቱ ላይ ኬብል ስለማይጠፋ ነው። ሰው ሻርፕ ጣል እንደሚያደርገው እሱ የማይክ ገመድ ጣል ያደርጋል፣ እንደዛው ሆኖ ሱቅ ይሄዳል፣ እንደዛው ሆኖ ለቅሶ ይደርሳል።

ሥራው ሙዚቃ ማቀናበር ነው። ድምፃዊው ዜማውን ይዞ ይመጣል፣ እሱ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ኪቦርዱን ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ያለብሰዋል። ስቱዲዮው የእህቱ የልብስ ስፌት ቤት ጓዳ ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ሰው ስፖንጅ ይለጥፋል አይደል? እሱ ዘንድ የጨርቅ ቁርጥራጭ የተጠቀጠቀበት ከረጢት ነው ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው። ድምፅ ሊቀርጽ ሲል ግድግዳውን በጡጫ ደብ ደብ ያደርጋል፣ ማዶ ያሉት የስፌት መኪኖች ቀጥ ይላሉ። ሲጨርስ እንደገና ደብ፣ መኪኖቹ ትርርር ብለው ይነሳሉ። ሰፊዎቹ ለምደውታል። ክር በጥርሳቸው እንደያዙ ደርቀው ሲጠብቁ ብታዩ ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት።

እህቱን ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ታላቁ ናት፣ እሷው ናት ያሳደገችው። ሌላ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር መዝፈን መቻሏ ነው። መኪናው ላይ ሆና የሠራችው የራሷ ዘፈን አላት፣ ኮት ሰፍታለት ኮቱን ለብሶ ስለሄደ ሰው። ባሏ የዕቃ መኪና ሹፌር ነው፣ ዘፈኑን በሰማ ቁጥር፣ «ያ ሰውዬ እኔ እንዳልሆንኩ በምን አወቅኩ መሰላችሁ? እኔ ኮት ተሰፍቶልኝ አያውቅም!» ይላል።

ጋሽ ሽቦ ይሄን ዘፈን ሊያቀናብርላት ቃል ከገባ ስንት ዓመቱ! ሁሌ «ሊያልቅ ነው» ነው። አያልቅም። ሰውየው ሲወድ አያልቅለትም፣ በቃ።

እንግዲህ እታለም አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባት። ትንሽ ነው ሲባል አደገና ኦፕራሲዮን ይደረግ ተባለ። ዶክተሩ ምንም አልደበቃትም። «ለድምፅ የሚሠራው ነርቭ እዛው አጠገቡ ነው። እንጠነቀቃለን፣ ግን ድምፅሽ እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አላት። ቀኑ ተቆረጠ። እሷም ወንድሟን ጠርታ፣ «ሆስፒታል ሳልገባ ትቀርጸኛለህ። ከዛ በኋላ ብድንም ባልድንም አልጨቀጭቅህም» አለችው።

እኔ ጎናቸው ነው ሞባይል የምጠግነው። ደንበኛ ሲጠፋ ሥራዬ ምን መሰላችሁ፣ ሲንተሳይዘር ማውረድ ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ማለት ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ድምፅ መሥሪያ ነው። በእጅ የምትጨብጠው ዕቃ የለውም። ስክሪን ላይ ካለ ባዶ ሞገድ ትነሳለህ፣ ታሻክረዋለህ፣ ታለሰልሰዋለህ፣ ቀስ ብሎ እንዲገባ ወይ ዱብ እንዲል ታደርገዋለህ። ከምንም ተነስተህ ዋሽንት የመሰለ፣ ንብ የመሰለ፣ ምንም ያልመሰለ ድምፅ ታወጣለህ። እኔ እብድ ነኝ በዚህ ነገር፣ አልዋሽም።

ጋሽ ሽቦ ያለችው አንዲት ብቻ ናት። ድሮ የወጣች፣ የሠሯት ሰዎች ራሳቸው ትተዋት የተበተኑ። «አሮጊቷ» ነው የሚላት። ሌላ ሞክር ስለው፣ «ሚስትህን ቀይር እያልሽኝ ነው» ይለኛል። ሚስት የለውም።

እታለም ከሰዓት ሆስፒታል በምትገባበት ቀን ጋሽ ሽቦ ጠዋት ላይ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ነይ። አሮጊቷ ሞተች» አለኝ።

ሮጬ ሄድኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የድሮ ላፕቶፑ በሳምንቱ መጀመሪያ ተቃጥሎበት ሌላ ያገለገለ ገዝቶ ነበር። ዘፈኖቹ ሁሉ በውጭ ዲስክ ስላሉ አልደነገጠም። የእታለምን ዘፈን ሲከፍተው ከበሮው አለ፣ ቤዙ አለ፣ ከሥር ሆኖ ዘፈኑን የሚሸከመው ያ ረጅም ድምፅ ግን የለም። ቦታው ላይ «አልተገኘም» ይላል። አዲሱ ኮምፒውተር አሮጊቷን አይቀበልም፣ ዘመኗ አልፏል።

«ድምፁን ወደ ኦዲዮ ቀይረህ አላስቀመጥከውም?» አልኩት።

አንገቱ ላይ ያለውን ኬብል ማፍተልተል ጀመረ።

«ጋሼ!»

«ዛሬ ባስረው ነገ ሳሻሽለው ይቆጨኛል ብዬ ነዋ።»

አያችሁ? እኛ ሰዎች የምንሠራት ስህተት ይህቺ ናት። አሮጊቷ ባትኖርም የሚሰማ ቋሚ ቅጂ አድርጎ ማስቀመጥ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ግን አንጫነውም፣ ነገ ይበልጥ ይጣፍጣል እያልን።

ፍላሼን አወጣሁ። ምትክ መምረጥ አለብን፣ አሁኑኑ። መጀመሪያ የጫንንለት ውቢቷን ነው። እኔ ነኝ ስም ያወጣሁላት፤ ስክሪኑ ላይ ስትበራ የሠርግ አዳራሽ ነው የምትመስለው። ጋሽ ሽቦ ቁልፎቹን ነካካ፣ ነካካና ፊቱ በራ። «ይህቺ ትቀርባታለች፣ እንደውም ትበልጣታለች!» አለ። ከዛ ዘፈኑን በሙሉ አጫወተው። ቅርር… ቅርርር… ኮምፒውተሩ ተንተባተበ። ለሷ አቅም የለውም። ከበሮውን ዘጋን፣ ሌላ ሌላውንም ዘጋን፣ አሁንም ቅርር።

በበሩ ቀዳዳ ሳይ እታለም የሆስፒታል ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። እጇ ሥራ ካልያዘ አይሆንላትም። ሰፊዎቹ አያወሩም። እነዚያ ለፍላፊዎች!

«ቀጥል፣ ሌላ» አልኩት።

ሁለተኛዋ ነፃዋ ናት። ገንዘብ አትጠይቅም፣ ቀላል ናት፣ ኮምፒውተሩ መኖሯንም አያውቅም። ድምፅዋ ግን ትንሽ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ጋሽ ሽቦ ሊያለሰልሳት ተቀመጠ። አለሰለሰ። አሁንም አለሰለሰ። «ትንሽ ሞቅ ትበል፣ ትንሽ ጫፏ ይቆረጥ።» ጠዋቱ እንደዛ እያለ አለቀ። እኔ ሰዓት ማየት ፈራሁ። በመጨረሻ የዕቃ መኪናው ውጭ ቆመና የእታለም ባል ገባ።

«በሉ እንጂ! ሆስፒታሉ እኛን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም» አለ።

ጋሽ ሽቦ ግድግዳውን ደብ ደብ አደረገ። መኪኖቹ ቆሙ። እታለም ገባችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ማይኩ ፊት ቆመች። አንገቷን በነጠላዋ ጠቅልላዋለች።

ጀመረች። የመጀመሪያውን መስመር፣ እናንተ፣ ጸጉሬ ነው የቆመው። ሁለተኛው ላይ ግን ወደላይ ስትወጣ ተንገዳገደች። ቆመች። «እንደገና።» እንደገናም እዛው ቦታ ላይ ሳተች። ሦስተኛውን ጀምራ ሳትጨርስ ሳላት። ስትስል እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ነው፣ እያመማት እንደሆነ ያስታውቃል።

«ውሃ ስጧት» አለ ባሏ።

«ውሃ አይደለም የቸገረኝ» አለች እታለም። ማዳመጫውን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጋ ወንድሟን አየችው። «ይሄ ነገርህ ያርመኛል።»

«ምን?»

«ያርመኛል! እኔ ወደዚህ ስሄድ እሱ ወደዚያ ይጎትተኛል። ያኛው እንዲህ አያደርገኝም ነበር።»

 ጋሽ ሽቦ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ዝቅ አድርጌያቸው ነበርኮ!» አለ። ዘፈኑን የጀመሩት ቀን ማለት ነው። የእታለም ዜማ አመል አለው፣ ሁለት ቦታ ላይ ኪቦርዱ ላይ ካሉት ቁልፎች መሀል ነው የሚወድቀው። ይሄኛው ይበልጥባታል፣ ያኛው ያንስባታል። ያኔ አሮጊቷ ውስጥ ሁለቱን ድምፆች በእሷ ልክ ዝቅ አድርጎላት፣ ከዛ ረስቶታል። ጠዋቱን ሙሉ ለስላሳ፣ ሞቃት፣ ምናምን ስንል እሷን የሚሸከማት ግን ልስላሴው አልነበረም።

«ነፃዋ ላይ አስተካክልላታ!» አልኩት።

ፈለገ። አገላበጠ። «ቦታ የላትም። ሁሉንም አብራ ታወርዳለች እንጂ አንዱን ለብቻ አታወርድም።»

«ውቢቷስ?»

«ውቢቷ ትችላለች። ግን ትንተባተባለች።»

ባልየው ሰዓቱን አየ። 

ፍላሼ ላይ አንድ ቀርታ ነበር። ላሳየው አፍሬ ነው ያላወጣኋት። አስቀያሚዋ። ስክሪኗ ግራጫ ነው፣ ቁልፎቿ የተረገጠ ቆርኪ ይመስላሉ፣ ድምፅዋ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው። ግን እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ከፍ ዝቅ የምታደርግበት ሰንጠረዥ አላት፣ ቀላልም ናት። ጫንኳት።

ጋሽ ሽቦ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ሰማና ፊቱን አጨማደደ። «ይሄን ነው እህቴ ሥር የማስቀምጠው? ይሄን? አይሆንም። ውቢቷን እንሞክራት፣ ከበሮውን ለብቻ ኦዲዮ እናደርገውና፣ ከዛ ቤዙን…»

«አንተ!» አለች እታለም። ጮክ አላለችም፣ መጮህ አትችልም። «ስማኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ አንዴ ነው የቀረኝ። ይታወቀኛል። ያንን አንዴ በምን እንደምታጅበው አሁን ምረጥ። ካልመረጥክ ደግሞ ልሂድበት።»

እጁ ማውሱ ላይ ነው። እኔ የምወደው ነገር ቢሆንም በዛች ሰዓት ሲንተሳይዘር የሚባል ባልተፈጠረ ነው ያልኩት። ቀና ብሎ ውቢቷን አየ፣ ከዛ አስቀያሚዋን አየ። ውቢቷን ዘጋት።

«ሁለቱን ቦታ ብቻ በአፍንጫሽ አሰሚኝ፣ እንዳትዘፍኚ። እንደ ተኛች ድመት ቀስ ብለሽ» አላት።

«ድመት ራስህ!» አለች፣ ግን ሳቀች። ከዛ ህምምም አለች፣ በጣም ቀጭን አድርጋ። እሱ ቁጥሩን እያወረደ ይሰማል። «አሁንስ?» ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም። ትንሽ አወረደ። አይደለም። ትንሽ ከፍ አደረገ።  ህምምም። አሁን ዓይኗን ጨፈነች። «እሱ ነው» አለች። ሁለተኛው ቶሎ ተገኘ። ዝንቡን ትንሽ ሊያለሰልሰው እጁ ወደ ሌላ ቁልፍ ሲሄድ አየሁና እጁን ያዝኩት። እውነት ነው የምላችሁ፣ የትልቅ ሰው እጅ ያዝኩ።

ደብ ደብ።

ስፌት ቤቱ ጸጥ አለ። ዘፈኑ ተነሳ፣ ከሥር ያ ዝንብ ድምፅ፣ እታለም ገባች። የመጀመሪያው መስመር አለፈ። ሁለተኛው መጣ፣ ወደላይ ወጣች፣ ያ ቦታ ጋ ደረሰች፣ እዛው አረፈች፣ ልክ መሀሉ ላይ። አልጎተታትም። ኮቱን ለብሶ ስለሄደው ሰው እየዘፈነች መሀል ላይ ድምፅዋ ሻከረ። ቆመች ስል አልቆመችም። መጨረሻው አካባቢ አንዷን ቃል በትንፋሽ ብቻ ነው ያለቻት። ሳሏን አፍና ይዛ የመጨረሻዋን ድምፅ አወጣችና ከማይኩ ዞር ብላ በነጠላዋ ሳለች።

«ወጣ?» አለች።

«ወጣ» አለ ጋሽ ሽቦ። ሴቭ አደረገ፣ ዝንቡንም ወደ ኦዲዮ ቀየረው፣ ፍላሼ ላይም ገለበጠው፣ ስልኬ ላይም ላከልኝ። የተቃጠለበት ሰው እንደዛ ነው።

«ልስማው።»

«በመድኃኒዓለም!» አለ ባሏ። «ስትመለሺ ትሰሚዋለሽ።»

«ሳልሰማ አልንቀሳቀስም።»

ቆማ ሰማችው፣ ቦርሳው በእጇ። በትንፋሽ ያለቻት ቃል ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች። ጋሽ ሽቦ፣ «እሷን ቃል ብቻ ደግመን…» ሲል ባልየው ቦርሳውን ከእጇ ተቀብሎ ወጥቶ ነበር። እሷም ተከተለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ሰፊዎቹን፣ «የሰማያዊውን ቀሚስ ክፈፍ እንዳትረሱ» አለች። ከሄደች በኋላም መኪኖቹን ለማስነሳት ደብ የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ ሰፊዎቹ እንደቆሙ ብዙ ቆዩ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። እታለም ተመልሳ ሥራ ገብታለች፣ ትቆርጣለች፣ ትለካለች፣ ትቆጣለች። ድምፅዋ ግን እንደ ወረቀት ሆኗል፣ ሹክሹክታ ነው። ዶክተሩ ሊመለስም ይችላል፣ ጊዜ ስጪው ይላል። አትዘፍንም። ሰፊዎቹ ዘፈኑን ከስልኬ ወስደው ሲከፍቱት፣ «ቀንሱት፣ ልኬ ይጠፋብኛል» ትላለች። ዝጉት ግን ብላ አታውቅም።

ባለፈው ጋሽ ሽቦ ከጓዳው ወጣ፣ ኬብሉ አንገቱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ያበራል። «እታለም፣ ኮምፒውተሩን አቅም ጨመርኩበት። ውቢቷ አሁን አትንተባተብም። ያንን ዝንብ አውጥቼ እሷን ባስገባት፣ ያቺን የተሰበረች ቃልሽንም ትንሽ ብሸፍናት…»

እታለም ለመናገር ሞከረች፣ ድምፅ እምቢ አላት። ትልቁን መቀስ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ ደብ! ደብ!

መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ጋሽ ሽቦም ቆመ። በመቀሱ ወደ ጣቶቹ እያመለከተች አይሆንም በሚል ራሷን ነቀነቀችለት። ኬብሉን ከአንገቱ አወጣ፣ ጠቀለለውና ወደ ጓዳው ተመለሰ።