ሄስተር ባትሪዋን አጋድማ ያየችው

ሄስተር ብሎም ባለፈው የካቲት በተቀበረች ማግስት ቄስ ኦርላንድ ቤቴ ድረስ መጡና፣ "ማቪስ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን መጽሔት የሕይወት ታሪኳን እርስዎ ይጻፉልን። ከእርስዎ የሚቀርባት ማን ነበር?" አሉኝ። እሺ አልኩ። መቅረቡንስ ቀርቤያት ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ከእሷ ላይ አንስቼ አላውቅም፤ በቅናት።

ሄስተር የሌስተር ከተማ ልጅ ናት። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች። ባሏ ሲሞትና ዳሌዋ አልታዘዝ ሲላት ወደ እኛ መንደር ወደ ሄምሊ መጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለችውን ጎጆ ገዛች። በበጋም ሁለት ሹራብ ደርባ ትለብሳለች። ኪሷ ውስጥ ዘወትር አይብና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት ያለበት ዳቦ ስለማይጠፋ፣ ከእሷ በፊት ሽታዋ ይገባል።

እኔ ደግሞ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ገንዳ ክርስትና የተነሳሁ ነኝ፤ እናቴም፣ አያቴም። ሄስተር ስትመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ መቅረዞቹን፣ መስቀሉንና መጽሐፍ ቅዱስ የሚዘረጋበትን የነሐስ ንስር ማወልወል ከጀመርኩ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የጠየቀ እንግዳ ሁሉ "ማቪስን ጠይቋት" ይባል ነበር። እኔም ያቺ ዝቅ ያለች መስኮት ለምጻሞች ከውጭ ሆነው ቅዳሴ የሚያዩባት እንደ ነበረች፣ መቃብሩ ላይ እግሩን አጣምሮ የተጋደመው የድንጋይ ባላባትም ኢየሩሳሌም ዘምቶ የተመለሰ እንደ ሆነ እነግራቸዋለሁ። አያቴ እንዲህ ነው የነገረችኝ።

ሄስተር በመጀመሪያው ቅዳሜ ገና በጠዋቱ ባትሪ ይዛ ገባች።

"ምነው፣ ፀሐይዋ አነሰችሽ?" አልኳት።

"ድንጋይ ፊት ለፊት ካበራሽበት ምንም አይነግርሽም። በጎን ነው" አለችና ባትሪዋን ከዓምዱ ጋር አጋድማ አበራች። ከባዶው ድንጋይ ላይ ትንሽ መርከብ ብቅ አለች፤ ምሰሶዋ፣ ገመዷ ሁሉ በምስማር ተጭሮ። "አየሽልኝ? የባሕር ሰው በሰላም ልመለስ ብሎ ተስሎ የጫራት ናት። ተመልሶ ይሁን አይሁን እንጃ።"

ያንን ዓምድ ዐሥራ ሦስት ዓመት አቧራውን ጠርጌዋለሁ። አንድም ቀን መርከብ አላየሁበትም። ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ የሚባለው ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቡናማ ደብተሯን ይዛ በየግድግዳው ሥር ስትድህ መቶ አርባ ጭረት ቆጠረች። ስሟ በሽፋኑ ላይ ያለ ትንሽ መጽሐፍም አሳተመች። የእኔን ታሪኮች አንድ በአንድ ጣለቻቸው።

"የለምጻም መስኮት የሚባል የለም፣ ማቪስ። ለምጻም አጥሩንስ ማን ያስገባው ነበር? የባላባቱም እግር ቢሆን፣ የዚያን ዘመን ድንጋይ ቀራጾች ይቺን አቀማመጥ ወደው ነው።"

"አያቴ ዋሸች እያልሽ ነው?"

"ኧረ አያትሽማ የሰማችውን ነው ያወራችው። ዳቦ ትበያለሽ?"

ቅዳሜ ቅዳሜ ነሐሱን ሳልነካ በፊት የጎብኝዎችን መዝገብ አነብ ነበር። "ሄስተርን እናመሰግናለን" ይላል ገጹ ሁሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው "ንስሩ እንዴት ያበራል!" ብሎ ቢጽፍ ለባለቤቴ ለክላይቭ ሦስቴ አነበብኩለት።

የዛሬ አራት ዓመት መጽሐፏ ተጨምሮበትና ተሻሽሎ ሊታተም ሆነ። እኔም ጉድጓድ ቆፈርኩላት። የጥንት ሰዎቻችን ክፉ መንፈስ እንዳይጠጋ ክብ ውስጥ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ በኮምፓስ ይጭሩ ነበር። አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የክላይቭን የአናጢ ኮምፓስ ይዤ ሄድኩና ከጥምቀት ገንዳው ጀርባ አንድ አበባ ጫርኩ። ያረጀ እንዲመስል ቀዝቃዛ ሻይ ቀባሁት፤ ብናኙን በጨርቄ ጠራርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መጽሐፉ ላይ ታወጣዋለች፤ በምረቃው ቀን ሰው ሁሉ ፊት "የእኔ ሥራ ነው" እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ማንን እንደሚጠይቅ እናያለን።

ቅዳሜ ዕለት "ከገንዳው ኋላ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

በዚያ ዳሌዋ እያቃሰተች ተንበረከከች። ባትሪዋን አጋደመች። እኔ የንስሩን አንድ ክንፍ ደጋግሜ አሻለሁ።

"ያምራል" አለች በመጨረሻ። "የጫረችው እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ናት።"

"ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?"

"እንዲሁ መሰለኝ። በይ አንሺኝ፣ ጉልበቴ ከድቶኛል።"

አነሳኋት። መጽሐፉ ታተመ፤ አበባው የለም። ሁለቴ ገለበጥኩት። ይብስ ተናደድኩ፤ የእኔን አበባ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም ብዬ።

ቄስ ኦርላንድ ይህን እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ቡናማውን ደብተር ከነባትሪዋ ሰጥተውኝ ነበር። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦

"ቁጥር 141። ከገንዳው ጀርባ፣ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ። አዲስ ጭረት፣ ሻይ የተቀባ። በጭረቱ ውስጥ ነጭ የነሐስ ማወልወያ ቅባት ደርቆበታል። ሠሪዋ ማቪስ ተርልቢ ናት፤ የዚህን ቤት ነሐስ ሃያ ሰባት ዓመት ያወለወለች። በሕይወት ሳለች በመጽሐፍ አይውጣ፣ ታፍራለች። ሁለታችንም ስናልፍ ግን ስሟ ከነሥራዋ ይግባ።"

ጨርቄ! ብናኙን የጠረግኩበት ያው የነሐስ ጨርቄ ነበር። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለው ለእኔ ነው። በማግስቱ የእሷን ባትሪ ይዤ ሄድኩ፤ ከገንዳው ኋላ ተንበርክኬ አጋድሜ አበራሁ። ነጩ ቅባት በስድስቱም ቅጠል ውስጥ አለ። አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከእኔ ጋር ሻይ ስትጠጣ ይህን ታውቅ ነበር፤ አንድም ቀን በዓይኗ እንኳ አላሳየችኝም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቄስ ኦርላንድ አንድ ገጽ እንደሚበቃ ነግረውኛል፤ ከበዛ ከፈለጉት ቦታ ይቁረጡ። ቁጥር 141ን ግን እንዳይነኩት። ሄስተር ሁለታችንም እስክናልፍ ይቆይ ብላለች፤ እኔ አልጠብቅም፣ ስሜ በሕይወት ሳለሁ ከነሥራዬ ይውጣ። በይቅርታ እንኳ ቀደመችኝ፤ አሁንም እቀናባታለሁ።