የደሴ መጠጫ፣ የከሚሴ ፀሐይ

ኡምኩልሱምን ከከሚሴ ከመንቀል ጥርሷን መንቀል ይቀላል። አንድ ልጇ ሙጂብ ግን ደሴ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ፣ «እማ፣ እኔ ጋ ነይ» እያለ አላስቀምጣት አለ። እሷ ደግሞ ለደሴ ብርድ አልተፈጠረችም፤ አንዴ ልትጠይቀው ሄዳ ከብርድ ልብስ ሳትወጣ ነው የተመለሰችው። በመጨረሻ ውል ገቡ። የገዛቻቸው ቄብ ዶሮዎች ይህን በጋ አልፈው እንቁላል ከጣሉ ትቀራለች፤ ካለቁባት ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች።

ሙጂብ ክፉ ልጅ አይደለም። ወዲያው የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ውሃ መጠጫ ላከላት። ለደሴ ልክ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲነካው የውሃው ብርድ ይለዝባል። ኡምኩልሱም ታዲያ ምን አደረገች? ልጅ የላከው ነገር አይደበቅም ብላ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ገተረችው። እኔ ጎረቤቷ በአጥር ብቅ ባልኩ ቁጥር «ማሻአላህ» እንድል ትጠብቃለች። ምን ላድርግ፣ እላለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ውሃው እጅ ያቃጥላል። ዶሮዎቹ ጠጋ ይሉና ምንቃራቸውን ነክረው ይሸሻሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ሁለቱ ሞቱ። አለቀሰች ብል ትቆጣኛለች፤ ግን አልቅሳለች።

ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። እሷ ግን «ስለ ሙቀት የሚጠየቀው ከእኛ የባሰበት ነው» ብላ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄደች። እዚያ ሚስራ የምትባል ዶሮ ሻጭ አገኘች። የሴትዮዋ ዶሮዎች ጥላ ሥር ተረጋግተው ቆመዋል።

«አካም ጂርታ፣ እህቴ! በምንድን ነው የምታጠጫቸው?»

«በሸክላ ነዋ። ሸክላ ያልበዋል፤ ሲያልበው ውሃው ይቀዘቅዛል። ብቻ እንደ ወጥ ድስት እንዳታሟሺው፣ ቅባት ካፈነው አያልበውም። አንቺስ በምንድን ነው?»

«በቆርቆሮ። ፀሐይ ላይ።»

«ያ ረቢ! ሾርባ ነዋ የምትሠሪው!»

ኡምኩልሱም ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ጠፍጣፋ ሸክላዎች ገዝታ ተመለሰችና ግቢዋ ካለው ዋንዛ ሥር አስቀመጠቻቸው። ቀትር ሲሆን ውሃውን ትለውጣለች። ዶሮዎቹ ከዚያ ጥላ ንቅንቅ አላሉም።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሙጂብ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዞ መጣ። ስለሞቱት ሰምቶ፣ ሁሉም ያለቁ መስሎት ሊወስዳት ነው። ገና ከመቀመጡ ከቆጡ በኩል አንዷ ቄብ ጮኸች። ኡምኩልሱም ሮጣ ሄዳ ትኩስ እንቁላል አመጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«አልሐምዱሊላህ! ውል ውል ነው፤ ባጃጁን አሰናብተው።»

ሙጂብ እንቁላሉን መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«እማ፣ እኔ እኮ እንዲያልቁብሽ ፈልጌ አይደለም» አለ። «ማታ ስገባ ቤቱ ጭር ይልብኛል። አንቺ ነሽ የናፈቅሽኝ።»

ከኡምኩልሱም ፊት ሳቁ ጠፋ። አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻውን ያዘችው።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ታዲያ ይህን ለመናገር ዶሮዎቼ እስኪሞቱ ነበር የምትጠብቀው?»