መድፍ የተጋደመበት ሳሎን

ሽማግሌ ተብዬ ብዙ ሰው ቤት ቆሜያለሁ። እንደዚያ ሰውዬ ያሰለቸኝ ግን የለም።

የእህቴ ልጅ ኦክላንድ ውስጥ ነርስ ነው። ሳን ሆዜ የምትኖር ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ እየመለሰች ያደገች ልጅ ብትሆንም «ዳዲ እሺ ካላለ አላገባም» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ስለዚህ ቄሱ፣ ቤት የሚያሻሽጥ አንድ ጓደኛዬና እኔ ተልከን፣ አንድ ቅዳሜ 880 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወረድን።

አባትየው ሚልፒታስ ከተማ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ከቧንቧና ከቆርቆሮ የሠራው መድፍ ተጋድሟል። የጀርመን የጦር መርከብ መድፍ ነው አሉ፤ ያውም የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የነበረ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ጓሮው ውስጥ ቲማቲም ይተክላል። ይሄ ሳሎኑ ውስጥ መድፍ ተከለ።

መቼም ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ልጅም ያውቃል። ቄሱ ገና «የመጣንበት ጉዳይ…» ብለው ሳይጨርሱ፣ ያ ጓደኛዬ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ቤቱ ደስ ሲል! ሪሞዴል አድርገውት ነው?» ብሎ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ሶፋ ካየ የማያልፍ ሰው ነው፤ ሥራው አበላሽቶታል።

የሰውዬው ፊት በራ። እንግዳ አገኘ። እኛንም እየገፋ አስቀመጠንና መድፉ ጋ ሄደ።

«የእንግሊዝ መድፍ በአፉ ነበር የሚጎርሰው። ጀርመኖቹ ከኋላው አጎረሱት። ይቺን ብረት ወደ ጎን ትስባለህ፣ ጥይቱንና ባሩዱን ትከታለህ፣ መልሰህ ትዘጋለህ።» ሳበ፣ ዘጋ። አሁንም ሳበ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ቀለበቶቹ ገባ፦ የውጪው ብረት በእሳት ግሎ የውስጠኛው ላይ ይጠልቃል፤ ሲበርድ ጨምቆ ስለሚይዘው መድፉ አይፈነዳም። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ የእሱን ነገር ግን መርከብም አይጭነውም ነበር።

በልተን ጠጥተን ልንሰናበት ስንል ቄሱ ጉዳዩን አነሡ።

«ተቀምጣችሁ በላችሁ፣ ተቀምጣችሁ ጠጣችሁ» አለ ሰውዬው። «ሽማግሌ መሆናችሁን በምን ልወቅ?»

ልጅቷ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዓይኗ እንባ ሲሞላ አየሁ። ጓደኛዬን ማነቅ አማረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን። ያንን ጓደኛዬን እንዳይቀመጥ ከቄሱና ከእኔ መሀል አቆምነው፤ እኔ ክንዱን ያዝኩት። ቄሱ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ።

«ዛሬ እምቢ ቢሉን በየቅዳሜው እንመጣለን» ብዬ ጨመርኩ፣ ለማስፈራራት።

«በየቅዳሜው?»

«በየቅዳሜው!»

መድፉ ጋ ሄዶ ያቺን ብረት ሳበ። ከዚያ በመልስ ፋንታ የባሩድ ታሪክ ጀመረ። መድፉ መጀመሪያ ከእንግሊዙ ጋር ሲፈተን ተበልጦ ነበር፤ ፋብሪካው አልተናደደም፤ ጥይቱን ቀየረ፣ ቶሎ የሚነደውን ባሩድ ቀስ ብሎ በሚነድ ተካ፤ አሸነፈ። እኛ ቆመናል፣ እሱ እንደ ባሩዱ ቀስ ብሎ ይነድዳል። ቁም ስቅሌን አየሁ። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ መዳሩ ይቅርና ልጅ ማሳደግስ እንዴት ቻለ እያልኩ በሆዴ ስሰድበው ቆየሁና አላስቻለኝም።

«ለመሆኑ ይሄ ሁሉ መድፍ ማንን መታ?»

«ብዙዎቹ ማንንም አልመቱም» አለኝ፣ ሳይቀየም። «እዚያው መርከቡ ላይ አረጁ። መኖራቸው ማንም እንዳይጠጋ ነበር።»

«ይኸው እኛ ተጠግተናል። ሳሎንዎ ውስጥ ቆመናል። ወይ ይተኩሱ፣ ወይ ይስጡን!»

ቄሱ አፈሩብኝ። ልጅቷ ከኩሽና ወጥታ «ዳዲ፣ ፕሊስ» አለች።

ሰውዬው አያት። ክፍት የነበረችውን ብረት ወደ ቦታዋ መለሰ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ተቀመጡ» አለ።

እሺ ይበልጣል ከሺ። ተቀመጥን፤ መረቅን። ልጅቷ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጓደኛዬ ስለ አዳራሽ ኪራይ ማውራት ጀመረ። ድል አድርጌ ስወጣ ሰውዬው መኪናው ድረስ ሸኘንና እጅጌዬን ያዘኝ።

«ልጆቹ ኦክላንድ ነው የሚኖሩት፣ አይደል?»

«አዎ፣ ለሥራው ይቀርበዋል።»

«ስለ መርከቦቹ እኮ ገና ምንም አልነገርኩዎትም» አለ። «ቅዳሜ ይመጣሉ?»

«880 ላይ ያለው ትራፊክ አይቻልም» አልኩት።

«እውነትዎን ነው፣ አይቻልም» አለና የመኪናውን በር ራሱ ዘጋልኝ።